የተከፈለበትን ክፍለ ጊዜ መልሶ መሸጥ፤ «የሙዚቃ ትምህርት በክፍያ ይሁን» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሙዚቃ ትምህርት በክፍያ እንዲሰጥ የሚመክር አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብሁ። ጸሐፊው ትምህርት ቤቶች ሙዚቃ መማር ከሚፈልግ ተማሪ በወር 300 ብር እየሰበሰቡ መሣሪያ እንዲገዙና ከውጭ አሠልጣኝ እንዲቀጥሩ ይፈልጋሉ። ምክንያቶቻቸው ስድስት ናቸው። መሣሪያ ውድ ነው፤ በነጻ የተገኘ ነገር አይከበርም፤ ወላጅ ለአስጠኚ መክፈልን ለምዷል፤ አቅም የሌለው በማስረጃ ነጻ ሊደረግ ይችላል፤ በውጭ አገርም ሆነ በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ወጪ ይጋራል፤ ሙዚቃም እንደ ሒሳብና እንግሊዝኛ መሠረታዊ ትምህርት አይደለም። ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ከክፉ ልብ የመነጨ ነው ብዬም አላምንም። ይሁን እንጂ እኔ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር፣ ሦስት ልጆቼን በመንግሥት ትምህርት ቤት የማስተምርና ሁለት ዓመት በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ያገለገልሁ ሰው በመሆኔ፣ ጸሐፊው በአሳብ ደረጃ ያቀረቡት ነገር በሥራ ላይ ሲውል በዓይኔ አይቻለሁ። ምላሼን የምጽፈውም ያየሁትን ይዤ ነው።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ጽሑፉ ሳይነካው ያለፈውን ነገር ላንሣ። ጸሐፊው የሚከራከሩት ሙዚቃ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚሰጥ ተጨማሪ ነገር እንደሆነ አድርገው ነው። እውነታው ግን ሌላ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል የትምህርት ዓይነት በመጀመሪያ ደረጃ አለ፤ መጽሐፍ ተዘጋጅቶለታል፤ በሳምንቱ የክፍለ ጊዜ ድልድልም ቦታ ተሰጥቶታል። ሙዚቃ የዚሁ ትምህርት አንድ ክፍል ነው። የመምህሩ ደመወዝ የሚከፈለው ከከተማው በጀት ሲሆን፣ በዚህ በጀት ውስጥ የነጋዴውም የቀን ሠራተኛውም ግብር አለበት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ወጪ መንግሥት እንዲሸፍን ወስኖ፣ ወጪ መጋራትን የተወው ከዚያ በላይ ላሉት እርከኖች ነው። እንግዲህ ትምህርት ቤት ለሙዚቃ ክፍያ ሲጠይቅ አዲስ ነገር አምጥቶ እየሸጠ አይደለም። የሚሸጠው አስቀድሞ የተከፈለበትን ክፍለ ጊዜ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ያየሁትን ልንገር። ሁለተኛው ልጄ በሚማርበት ትምህርት ቤት፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ሁለት ኪቦርድ ተገዝቶ የቅዳሜ ሥልጠና ተጀመረ። ክፍያው የፈቃድ ነው ተባለ፤ እኛም በስብሰባ ላይ እጃችንን አውጥተን አጸደቅን። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ቅዳሜ በር የሚከፍትና ክፍል የሚጠብቅ ሰው ታጣና ሥልጠናው ወደ ሐሙስ ተዛወረ። የሐሙሱ ሰዓት ደግሞ የጥበባቱ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ነበር። ከዚያ በኋላ የከፈሉት ልጆች ክፍል ውስጥ ይቀራሉ፤ ያልከፈሉት «ሜዳ ውጡ» ይባላሉ። ማንም ይህን አስቦና መክሮ አላደረገውም፤ እንዲያው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ እዚያ ደረሰ። እኔም ሁለት ወር ከፍያለሁ፤ ይህን አልሸሽግም። መክፈል ያቆምሁት ልጄ አንድ ቀን «አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ ሐሙስ ሐሙስ መስኮት ሥር ቆሞ ያዳምጠናል» ብሎ ከነገረኝ በኋላ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ፣ ወደ መሣሪያ ውድነት ልለፍ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። ኪቦርድም ሆነ ጊታር ውድ ነው፤ ይሰበራል፤ መለዋወጫውም በቀላሉ አይገኝም። ነገር ግን ክፍያውን ከመተመን በፊት «የትኛው መሣሪያ፣ ለስንት ልጅ?» ብሎ መጠየቅ ይገባ ነበር። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። በአንድ ክፍል 50 ተማሪ አለ እንበል፤ በእኛ አካባቢ ይህ የተጋነነ ቁጥር አይደለም። አንድ ኪቦርድ በተራ ቢዳረስ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚደርሰው 48 ሰከንድ ነው፤ ሁለት ኪቦርድ ቢሆን 96 ሰከንድ። መምህሩ የሚናገርበትንና ልጆቹ ወንበር የሚቀያየሩበትን ጊዜ ስንቀንስ የሚተርፈው አንዲት ጣት ለማሳረፍ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ክፍያው ሊሠራ የሚችለው አብዛኛው ተማሪ ካልከፈለ ብቻ ነው። ሁሉም ቢከፍል ማንም አይማርም። የክፍያው አሳብ ገና ከመነሻው ብዙዎችን ሜዳ ማስወጣትን ይጠይቃል የምለው ለዚህ ነው።

ለክፍል ትምህርት የሚሆነው መሣሪያ ሌላ ነው፤ እሱም በቅርባችን አለ። ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ የደራሼ ሕዝብ ፊላ የሚባል የሸምበቆ መሣሪያ አለው። ፊላ ሲነፋ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድምፅ በተራው ያሰማል፤ ዜማው የሚገኘው የሁሉም ድምፅ እየተቀባበለ ሲገጣጠም ነው። አንድ ሰው ብቻውን ይዞት ቢቆም ዜማ አይሆንም። የ50 ልጅ ክፍል ለብዙ ትምህርት እንቅፋት ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ አጨዋወት ግን ሀብት ነው። የዶርዜ ሰዎችም ያለ ምንም መሣሪያ፣ በጉሮሮ ብቻ፣ የተለያዩ ድምፆችን ደራርበው ይዘፍናሉ። ዋሽንት ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ ይሠራል፤ ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ነው ያለው፤ ልጅ ሁሉ አንድ አንድ ሊይዝ ይችላል። አምስትና ስድስት ክራር ያለው ትምህርት ቤት ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን አንድ በአንድ እየቃኘ ለማሰማት አይቸገርም። ልጆቹ በድምፃቸው ይከተሉታል፤ በጭብጨባና በከበሮ ምቱን ይይዛሉ። በእኛ ሰፈር ያለው ክፍል ደግሞ የወሎ፣ የጉራጌ፣ የጋሞ፣ የሸዋ ኦሮሞ ልጆች ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ነው፤ እያንዳንዱ ከቤቱ የሰማውን የሠርግ ዘፈን ይዞ ይመጣል። ይህ ሁሉ እያለ ትምህርቱን በኪቦርድ ዋጋ መለካት ለምን እንዳስፈለገ ጽሑፉ አይነግረንም።

ኪቦርዱም አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ትምህርት ቤቶች በጉድኝት፣ ማለትም በተጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ፣ የተደራጁ ናቸው፤ የየጉድኝቱ ማዕከል የሆነ ትምህርት ቤትም አለ። በማዕከሉ የሚቀመጥ አንድ ሣጥን መሣሪያ በተራ በየትምህርት ቤቱ ቢዞር፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለየብቻው ከወላጅ ኪስ እየሰበሰበ ሁለት ሁለት ኪቦርድ ገዝቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ከሚቆልፍ ይሻላል። የእኛዎቹ ሁለቱም ዛሬ የተቆለፈባቸው ናቸው፤ የአንደኛው ገመድ ተበላሽቷል።

ሁለተኛው ነጥብ «በነጻ የተገኘ ነገር አይከበርም» የሚለው ነው። ይህ አባባል በስብሰባ ላይ ሲነገር ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ሆኖም የዚህ አገር የሙዚቃ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ይቃረነዋል። የቆሎ ተማሪን እናስብ። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊማር የሄደ ልጅ ለየኔታ የወር ክፍያ አይቆርጥም። አኩፋዳውን አንግቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ መንደሩ ይመግበዋል፤ መምህሩ ያስተምሩታል፤ እሱ ደግሞ በፈንታው ለመምህሩ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል። ይህ ልጅ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ለይቶ፣ የዜማ ምልክቶቹን ከድፋት እስከ ርክርክ አጥንቶ፣ ድጓውን ለመዝለቅ ዓመታት ይፈጅበታል። በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ የተከበረ የዜማ ትምህርት ስንት እንዳለ አላውቅም፤ ክብሩ ግን ከክፍያ የመጣ አይደለም። መንዙማም በየመስጊዱና በየሐድራው ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲወርድ የኖረው የመግቢያ ገንዘብ እየተቆጠረ አይደለም።

ዘመናዊ የምንለውም ሙዚቃ የተተከለው በሕዝብ ገንዘብ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች የምንላቸው፣ መሣሪያቸውም ቀለባቸውም የተቻለው በመንግሥት ነበር። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስተማሩ። ጥላሁን ገሠሠና ማህሙድ አህመድ በክቡር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴ በፖሊስ ኦርኬስትራ አደጉ። እነዚህ የደመወዝ ቤቶች ነበሩ፤ ሙዚቀኛው እየተከፈለው ነው የተማረው። ማህሙድ በልጅነቱ በዚህችው ከተማ ጫማ ይጠርግ የነበረ ሰው መሆኑን ስናስታውስ፣ በወር የሚከፈል የሙዚቃ ክፍል ቢኖር ኖሮ እሱ ከየትኛው ወገን፣ ከክፍሉ ወይስ ከሜዳው፣ ይቆም እንደነበር መገመት አያቅትም።

የክብር ጉዳይ ከተነሣ፣ ትምህርቱን ያዋረደው ነጻ መሆኑ ሳይሆን አያያዙ ነው። የጥበባቱ ክፍለ ጊዜ በብዙ ቦታ የሚሰጠው ክፍለ ጊዜ ለጎደለበት መምህር ማሟያ እንዲሆን ነው። የሒሳብ ፈተና ሲቃረብ መጀመሪያ የሚወሰደው ያ ሰዓት ነው፤ የስብሰባ ቀን የሚሠረዘውም ያው ነው። ልጅ ደግሞ ትልልቆቹ የናቁትን ነገር ይንቃል። ይህ በ300 ብር አይታረምም።

ሦስተኛው ነጥብ አጭር መልስ ይበቃዋል። ወላጅ ለአስጠኚ ይከፍላል፤ እውነት ነው። የሚከፍለው ግን ቤቱ ለሚመጣ ሰው፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ ሲፈልግ ጀምሮ ሲቸግረው ሊያቋርጥ ነው። ልጁ አስጠኚ ስለሌለው ከክፍል አይወጣም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግል ጊታር ለሚያስተምር ወጣት የሚከፈለውን ገንዘብ የሚቃወም ሰው የለም፤ እኔም አልቃወምም። በዚህ አካባቢ ለሚኖሩ የሙዚቃ ተመራቂዎች መተዳደሪያ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አራተኛው፣ ማለትም «አቅም የሌለው ማስረጃ ያምጣ» የሚለው፣ ለጸሐፊው ቀላሉ ነጥብ ሳይመስላቸው አልቀረም። ለእኛ ግን ከሁሉም የከበደው ይህ ነው። ማስረጃ የሚሰጠው ወረዳው ነው፤ ወረዳው ደግሞ ነዋሪ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። በከተማው ዳርቻ ያለው የኮንዶሚኒየም መንደር ግማሹ ተከራይ ነው ቢባል የሚከራከር ጎረቤት የለኝም። ተከራይ ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ከአንዱ ብሎክ ወደ ሌላው፣ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ገላን ይዛወራል፤ የነዋሪነት መታወቂያው ግን ድሮ በነበረበት ወረዳ ይቀራል። አንዲት እናት ለልጇ ሙዚቃ ስትል የሥራ ቀኗን አቃጥላ ድሃ መሆኗን የሚመሰክር ወረቀት ፍለጋ ትዞራለች ማለት ከልብ የታሰበበት አይመስለኝም። አትዞርም፤ ልጇን «ተወው» ትለዋለች። ማስረጃውን ያመጣውም ቢሆን ስሙ «ነጻ» ተብሎ በዝርዝር ይጻፋል፤ ዝርዝሩ በክፍል አለቃው እጅ ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ስሙ እሱው ነው።

አቅም አለው የተባለውንም ቤት እናስላው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው የደመወዝ መነሻ 6,000 ብር ሆኗል። ሦስት ልጅ ያለው ሰው ለሙዚቃ ብቻ በወር 900 ብር ቢከፍል ከደመወዙ 15 በመቶ ሄደ ማለት ነው፤ በ10 የትምህርት ወራት 9,000 ብር ይሆናል። ይህ ሰው በሥርዓቱ «ደመወዝተኛ» ነውና የድህነት ማስረጃም አያገኝም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ምግብ፣ የደንብ ልብስና ደብተር ማቅረብ የጀመረው ለእነዚህ ወጪዎች የማይበቃ ቤት ብዙ መሆኑን አይቶ ነው። ጠዋት ቁርስ ያበላነውን ልጅ ከቀትር በፊት 300 ብር አምጣ ማለት እንዴት እንደሚታረቅ ጸሐፊው ቢያስረዱን መልካም ነበር።

አምስተኛው ነጥብ በሁለት ተከፍሎ መታየት አለበት። ወጪ መጋራት በዩኒቨርሲቲዎቻችን የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ አሠራሩ ግን ጸሐፊው ከሚያቀርቡት ጋር አይገናኝም። ተማሪው አስቀድሞ እንዲከፍል አይገደድም፤ ተምሮ ሥራ ከያዘ በኋላ ከራሱ ገቢ ይመልሳል። ዕዳው ያደገ ሰው ዕዳ ነው። የ9 ዓመት ልጅ ግን ወላጁ ስላልከፈለ ዛሬውኑ ከክፍል የሚወጣበትን ነገር «ወጪ መጋራት» ብሎ መጥራት ስሙን ብቻ መዋስ ይሆናል።

ስለ ውጭ አገር የተጠቀሰው ደግሞ ጸሐፊው ካሰቡት በተቃራኒው ይመሰክራል። በእንግሊዝ ወላጅ ለሙዚቃ ይከፍላል የሚሉት ሙሉ አይደለም። እዚያ በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የትምህርት ሕግ በመንግሥት ትምህርት ቤት በትምህርት ሰዓት ለሚሰጥ ትምህርት ክፍያ መጠየቅን ይከለክላል። ልዩ ሆኖ የተፈቀደው በወላጅ ጥያቄ የሚሰጥ፣ ከሥርዓተ ትምህርቱ ውጭ የሆነ የመሣሪያ ወይም የድምፅ ሥልጠና ነው፤ እሱም ቢሆን ክፍያው ከወጪው መብለጥ አይችልም። በሥርዓተ ትምህርቱ ያለው የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ግን ለሁሉም ነጻ ነው። በስኮትላንድ አብዛኞቹ የአካባቢ አስተዳደሮች ለመሣሪያ ሥልጠና ያስከፍሉ ነበር፤ ክፍያው በጨመረባቸው ቦታዎች ተማሪው እየሸሸ ሄደ፤ በዚሁ አቆጣጠር በ2021 መንግሥት ወጪውን ሸፍኖ ክፍያውን አስቀረው፤ የተማሪውም ቁጥር ተመልሶ ጨመረ። እኛ እንጀምረው የሚሉን እነሱ ሞክረው የተዉትን ነው። ከእኛ ጋር በኑሮ ይበልጥ የሚቀራረብ ምሳሌ ያስፈልግ ከነበረ ቬኔዙዌላ አለች፤ ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 የጀመሩት የወጣቶች ኦርኬስትራ ሥርዓት ለድሃ ሰፈር ልጆች መሣሪያም ትምህርትም በነጻ እየሰጠ ነው ስሙ የተነሣው።

ስድስተኛው፣ ሙዚቃ መሠረታዊ አይደለም የሚለው፣ ከራሱ ከጽሑፉ ጋር ይጋጫል። መሠረታዊ ካልሆነ ለምን በሥርዓተ ትምህርቱ ገባ? ከገባ ደግሞ ከሌሎቹ ትምህርቶች ተለይቶ ዋጋ የሚወጣለት በየትኛው መመዘኛ ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ዜጎች በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ከደነገገ በኋላ፣ በዚያው አንቀጽ ለኪነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግን ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ይጥላል። የሥነ ጥበብ ትምህርት ይቅር የሚሉ ከሆነ ያንን በግልጽ ይበሉና እንከራከርበት። ለከፈለ መሠረታዊ፣ ላልከፈለ ትርፍ የሆነ ትምህርት ግን ሊኖር አይችልም።

አንድ ነገር ለጸሐፊው አምናለሁ። በትምህርቱ የሠለጠነ መምህር እጥረት አለ፤ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚወጡትም በየዳርቻው ላሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አይዳረሱም። ነገር ግን በየትምህርት ቤቱ ያለ ገንዘብ ያዥ የሚሰበስበው መዋጮ መምህር አያፈራም፤ የሚያመጣው በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ የሚሄድ፣ ተማሪውን በስሙ የማያውቅ አሠልጣኝ ነው። ለአንድ ጉድኝት አንድ የሠለጠነ መምህር በቋሚነት ተቀጥሮ በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ክፍለ ጊዜውን ቢሸፍን፣ ነባሮቹንም መምህራን በክረምት ቢያሠለጥን፣ ጥያቄው ለወረዳና ለክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ የበጀት ጥያቄ ይሆናል፤ ቦታውም እዚያ ነው። በእኛ ትምህርት ቤት የሚቀጥለው የኅብረቱ ስብሰባ ሲጠራ የ300 ብሩ ጉዳይ በአጀንዳው ላይ መኖሩን ሰምቻለሁ። እኔ የምጠይቀው የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍና ሐሙስ 4ኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የተጻፈው ምን እንደሆነ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ነው።